ሩቅ ሩቁን ለገደብ

ዲላ ውስጥ ገሪማን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም «ስቶር» ነው የሚለው። «ስቶር፣ ብስኩት ገብቷል?» «ስቶር፣ ዱቄት ወተቴን ጫንከው?» እሱም ስልኩ ሲጠራ «አቤት፣ ስቶር ነው» ብሎ ያነሳል። አንድ እሁድ ቸርች ውስጥ አዲስ የመጣ ወንጌላዊ ስሙን ቢጠይቀው ለአፍታ ማሰብ ነበረበት ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቺኛዋ እንኳ የሰፈራችን ቅመም የገባባት ትመስለኛለች።

የሚሠራው ሐጂ አብዱልአዚዝ የታሸጉ ምግቦችን በሚያከፋፍሉበት መጋዘን ነው። ከዲላ ጀምሮ እስከ ገደብ ያሉ ሱቆች በስልክ ያዛሉ፤ ገሪማ ከመጋዘኑ አውጥቶ ለየሱቁ ይለያል፤ ሾፌሩ ዘርዓብሩክ በአይሱዙ ያደርሳል። የዚህን ታሪክ አብዛኛውን ያገኘሁት ከዘርዓብሩክ ነው። ከመኪናው ፍሬን ይልቅ የእሱ ጆሮ አስተማማኝ ነው።

የመጋዘኑ ሕግ ቀላል ነው። ቀኑ የቀረበ ዕቃ በር አጠገብ ይቀመጣል፣ ቀኑ የራቀ ግድግዳ ስር። ቀድሞ የሚያልቅበት ቀድሞ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ የታተመው ቀን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ፊደሉም ትንኝ ያክላል። ስለዚህ ገሪማ እያንዳንዱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ፣ ዕቃው የሚሞትበትን ወር በወፍራም ጥቁር ማርከር ካርቶኑ ላይ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ያምራል፤ «ሰ»ን ሲጽፍ እግሮቿን አጣጥፎ እንደ ወይዘሮ ያስቀምጣታል። ከዚያ በኋላ ካርቶኖቹን የሚጠራቸው በወራቸው ነው። «ሚያዝያን አምጣው። ሰኔን እንዳትነካ፣ ሰኔ ገና ልጅ ነው» ይላቸዋል ጫኞቹን። «በጳጉሜን የሚሞት ብስኩት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» ማለትም ይወዳል። በዕድሜው የቀለዳት ቀልድ ይቺ ብቻ ናት፤ ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ስናገር፣ መጥፎ አይደለችም።

ሰፈራችን ያላገባ ሰው ካየ ምክንያት ሳይሰጠው አያሳድረውም። ለገሪማም ብዙ ተሰጥቶታል። እጮኛው ዓረብ አገር ሄዳ ቀረች ያሉ አሉ። ስለት አለበት ያሉ አሉ። እውነቱ ግን ለወሬ የማይመች ተራ ነገር ነው፤ እናቱ አሪቻ በምትባል መንደር የአልጋ ቁራኛ ነበሩ፣ እሱ ደግሞ አንድ ልጅ። በየሳምንቱ እየተመላለሰ አስታመመ። እናቱን ቀብሮ ቀና ሲል፣ ያሰባቸው ሴቶች ሁሉ የልጆች እናት ሆነው አገኛቸው።

አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት ክፍል ቤት ይኖራል። እሁድ ከቸርች ሲወጡ ሰዉ በየቤተሰቡ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ አባት ልጅ አዝሎ፣ እናት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛ። ገሪማ በር ላይ ትንሽ ይቆማል። የተለያዩ ሰዎችን ደህንነት ይጠይቃል። ከዚያ መጋዘኑን ከፍቶ ይገባል። ዘበኛው «ዛሬም?» ሲለው፣ «ላገላብጣቸው ብዬ ነው» ይላል። እሁድ ማንም የማያዝዘውን ካርቶን ከወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ይውላል። ዘበኛው እንደነገረኝ ብቻውን ያወራል። ምን ይላል ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ እንጃ፤ ብቻ በትሕትና ነው የሚያወራው፣ አንቱ እያለ ይመስለኛል» አለኝ።

እንግዲህ ጸሐይ የመጣችው እዚህ ሕይወት ውስጥ ነው። መጣች ስል በስልክ ነው።

ጸሐይ ገደብ ገበያው ዳር ሱቅ አላት። ባሏ ካረፈ በኋላ ትዕዛዙን ራሷ መደወል ጀመረች። መጀመሪያ የደወለች ዕለት እንደ ሌሎቹ «ስቶር» አላለችም። «ከማን ጋር ነው የማወራው?» ብላ ጠየቀች። ነገራት።

«ገሪማ፣ እንደምን አደርክ? ቁርስ በላህ?»

«በላሁ» አለ፤ አልበላም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ቁርስ መብላቱን ትጠይቀዋለች። እሱም በበላም ባልበላም «በላሁ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ለእንዲህ ያለች ሴት ሽቶ ይልካል፤ ደፋር ከሆነ ሽማግሌ ይልካል። ገሪማ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ትቶ እስከ ግድግዳው ገባና የሩቁን ቀን አወጣላት።

ነገሩን ከቤቱ ወግ ጋር ካላያያዝነው አይገባንም። እናቱ ቤት የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው ጉድጓድ ውስጥ የቆየው ቆጮ ነበር። ቆጮ በቆየ ቁጥር ይከበራል፤ ትኩሱ ለቤተሰብ ነው፣ የቆየው ለክብር። ለሰው ያለህ ፍቅር የሚለካው ከጉድጓዱ የትኛውን እንዳወጣህለት ነው። መጋዘን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቆየው ውርደት፣ የሩቁ ክብር። ገሪማም የእናቱን ወግ ገልብጦ ሥራ ላይ አዋለው። ለጸሐይ ሁልጊዜ ከግድግዳው ስር። ስትከፍተው ቀኑን ታነባለች፣ ታነብና «ይሄ ሰው ለእኔ ብሎ ነው» ትላለች፣ ብሎ ያስባል። ይቺን ሐሳብ ይዞ ማታ ወደ ክፍሉ ይገባል። ለአንድ ሰው እራት የምትበቃ ሐሳብ ነች።

ችግሩ፣ የሩቁ ለአንዱ ሲሄድ የቅርቡ ለሌላው መሄዱ አይቀርም። የቅርቡ የደረሳት የኮንጋዋ ወርቂቱ ናት። የወርቂቱ ሱቅ ቡና መሐል ያለች ትንሽ ሱቅ ናት፤ ብስኩት እዚያ ከገባ ብዙ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት ሞተረኛ ካርቶኖቿን አስሮ መልሶ አመጣቸው። ወዲያው ደወለች።

«ስቶር፣ ይሄ ብስኩት ከእኔ ቀድሞ ሞተ።»

«ይቅርታ እትዬ ወርቂቱ።»

«እኔ ሱቅ የሚገባ ዕቃ ዕድሜ ይፈልጋል የኔ ልጅ። ቡና ካልተለቀመ ብር የለ፤ ብር ከሌለ ማን ብስኩት ይበላል? እኔ ልብላው? ጥርስ የለኝ።»

ሐጂ አብዱልአዚዝ ሞተሩ ሲራገፍ አዩ። ወደ መጋዘኑ ገቡ። በር አጠገብ የቅርብ ቀን ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ ግድግዳው ስር ባዶ ሆኗል። ሐጂ ጮክ ብለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው ሰው የሚፈራቸው።

«ሩቅ ሩቁ የት ሄደ?»

«ገደብ፣ ጸሐይ ሱቅ።»

«ገደብ ዘመድ አለህ?»

«የለኝም ሐጂ።»

«ታዲያ እንዲህ የሚያደርግህ ምንድን ነው? ገደብ የገበያ ቦታ ነው፤ ዕቃ አያድርም። ነገ ቀኑ የሚያልፍ ዕቃ ቢሄድ ዛሬ ያልቃል። ወላሂ፣ አንተ ይሄን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?» ካርቶኖቹን ቀና ብለው አዩ። «እነዚህን ለእዚያች ሴት በቅናሽ ስጣት። ጊዜያቸው አልፎ እኔ ላይ ከተቃጠሉ ግን፣ ገሪማ፣ ቁልፉን አስቀምጠህ ትሄዳለህ። ዓመታት አብረን ሠርተናል። እንዳታስቸግረኝ።»

ገሪማ ቁልፉን ስለማጣት አይደለም እንቅልፍ ያጣው። መጋዘን ጠባቂ ሌላም ቦታ ይሠራል። ያስጨነቀው ጸሐይ ካርቶኑን ስትከፍት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሩቅ ስታነብ ኖራ ድንገት የዚህን ወር ስታነብ ምን ትላለች? «ተጣልኩ» ትላለች። ዳግመኛ ቁርስ መብላቱን አትጠይቀውም። ሦስቴ ስልኩን አንስቶ ሦስቴ አስቀመጠው። በመጨረሻ ካርቶኖቹን አይሱዙው ላይ ራሱ ጭኖ፣ ራሱም አብሮ ወጣ።

ዘርዓብሩክ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሸሚዙን ተኩሰኸዋል።»

«ታጥቦ ነው።»

«ካርቶን ልታወርድ የተተኮሰ ሸሚዝ?»

«ዛሬ ፀሐይ ይበረታል ብዬ ነው፤ ነጭ ይሻላል።»

«ገደብ ላይ በርትታለች፣ አዎ» አለ ዘርዓብሩክ፤ እስከ ወናጎ ድረስ ብቻውን ሲስቅ ሄደ። ይርጋጨፌን ሲያልፉ የገሪማ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። የሚናገረውን እያጠና ነበር።

ገደብ ሲደርሱ የገበያ ቀን ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። የጸሐይ ሱቅ በሰው ተሞልቷል። ጸሐይ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና በአንድ እጇ ሳሙና ታቀብላለች፣ በሌላው ስኳር ትመዝናለች፣ በአገጯ ደግሞ ልጆችን «ውጡ» ትላለች። አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ዘርዓብሩክ «ስቶሩ ራሱ መጥቷል» ሲላት ቀና አለች።

«አንተ ነህ ገሪማ? ውይ! ድምፅህ ወፍራም ሆኖ እኔ እኮ ሽበታም ሽማግሌ ነበር የመሰልከኝ።»

ገሪማ ያጠናውን ለመጀመር አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን መሬት ላይ ወደቀ። ጸሐይ ጭቃው እንዳይገባ ካርቶኖችን ዘርግታ ወለሉን ሁሉ ሸፍናዋለች። በገበያተኛው እግር ስር የራሱ እጅ ጽሑፍ አለ። «ታኅሣሥ»። «የካቲት»። አንድ ከጉጂ በኩል የመጡ አዛውንት ቦት ጫማቸውን «ግንቦት» ላይ እየጠረጉ ነው።

«ጸሐይ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ያመጣሁት ቀኑ የቀረበ ነው።»

«የምን ቀን?»

«የብስኩቱ። የዱቄት ወተቱም። እስከ ዛሬ የላኩልሽ የሩቁን ነበር፤ ይሄ ግን… በቅናሽ ነው። ሐጂ ብለው ነው። ከፈለግሽ ነው።»

«ይሄ ነው ያስመጣህ? እኔ እኮ የሆነ ነገር ተፈጠረ ብዬ ደንግጬ።» ስኳሩን ለአንዷ አቀበለች። «ብስኩት እኔ ጋ ቅዳሜን አያይም። ቀኑን መቼ አየሁት? ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የት ጋ እንደሚጻፍም አላውቅ። ቅናሽ ካለው ሁሉንም አውርድልኝ። ለወደፊቱም ቀኑ የቀረበውን ለእኔ፣ ሩቁን ለሌላው። አይሻልም?»

«ይሻላል።»

እንግዲህ ገሪማ ሥራው ተረፈለት። እዚያው ዞሮ ዕቃውን ማውረድ ቢጀምር አንድ ነገር ነበር። ግን ጸሐይ ነጋዴ ናት፤ ነጋዴ ደግሞ ያልገባውን አያሳልፍም። የሚዛኑን ሰሐን ይዛ እንደቆመች ግንባሯን አኮማተረች።

«ቆይ ግን፣ የቅርቡ እንዲህ ተቆልሎ እያለ፣ ለእኔ የሩቁን ለምን ትልክ ነበር?»

ዘርዓብሩክ የመኪናውን በር ተደግፎ ነበር። ገበያው ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ ይላል፤ ዘርዓብሩክ ማጋነን ይወዳል፣ የገበያ ቀን ገደብ ዝም አይልም። ገሪማ እግሩ ስር ያለችውን «ታኅሣሥ» አየ። እናቱን እየተመላለሰ ሲያስታምም ያለፈው ጊዜ፣ እሁድ እሁድ ያገላበጣቸው ካርቶኖች፣ ያልበላው ቁርስ ሁሉ በአንዴ ፊቱ ተደቀነ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፤ ሴትየዋም እያየችው ነው፣ እስኪናገር እየጠበቀች።

አንዲት ገበያተኛ «ሳሙናዬን» አለች።

«ተዘበራርቆብኝ ነው» አለ ገሪማ። «ሲጫን ተዘበራርቆብኝ። ስህተት ነው።»

በሕይወቱ አንድ ካርቶን ተዘበራርቆበት የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለው።

የጸሐይ ፊት ወዲያው ተፈታ። አዘነችለት። በባንኮኒው ላይ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በዚያን ያህል ቅርበት ሴት አናግራው የማታውቅ ሰው ነው፤ ጆሮው ቀላ፣ ይላል ዘርዓብሩክ።

«አይዞህ፤ ያጋጥማል። ለሐጂ ትንፍሽ አልልም» አለችው።

ከዚያ ዞራ ለገበያተኛዋ ሳሙናውን አቀበለቻት። ገሪማም የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልሎ፣ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ።