የሚናቲ ጉድጓድ

ሚናቲን በሩቁ የሚያያት ሰው «ዝምተኛ ናት» ይላል። ዝምተኛ! እኔን ጎረቤቷን አሮቲን ጠይቁኝ። ዝም የምትለው ለባሏ ታላቅ ወንድም ለሆሪፖዶ ብቻ ነው። እኛ ሃልዳ ወንዝ ዳር ያለን ሴቶች የባላችንን ታላቅ ወንድም አናናግርም፣ ስሙንም አንጠራም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያወሩት በእኔ በኩል ነው። አፌ ዛለ እኮ!

ባሏ ሲሞት የተወላት አንድ ታንኳና የሩይ ዓሣ እንቁላል የሚፈለፈልበት አንድ የጭቃ ጉድጓድ ነው። አምና እንቁላሏ በሙሉ ሞተባት። ሆሪፖዶም «ዘንድሮም ካልሆነላት ጉድጓዱን እወስዳለሁ፤ ዱባ ቢተከልበት ይሻላል በያት» አለኝ። ነገርኳት።

«በቁሜ ጉድጓዴን አይነካም በይው» አለች።

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ነጎድጓድ ሆነና ሩይ እንቁላሏን ወንዙ ላይ ጣለች። እኔ ቀዘፍኩ፣ እሷ በመረብ ሰበሰበች። ሦስት ባልዲ ሞላን። ጉድጓዱ ውስጥ ካፈሰስነው በኋላ ሥራው ውሃውን ሳያቋርጡ መቀየር ነው። ሚናቲ ከወንዙ በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችና እንትፍ አለች።

«ጨው ነው! ባሕሩ ወደ ወንዙ ሽቅብ ገፍቷል። አምናም የፈጀብኝ ይሄው ነው። እሱም ለራሱ ጉድጓድ ከኩሬ ይቅዳ በይው።»

ስነግረው ሆሪፖዶ ሳቀ። «አባቴም አያቴም ያፈለፈሉት በወንዝ ውሃ ነው። ወጥ ልትሠራ ነው እንዴ ጨው የምትቀምሰው?»

ኩሬው ከመንደሩ ማዶ ነው። እንስራዋን ታቅፋ እስከ ማግስቱ ቀትር ተመላለሰች። እግሯ ተላጠ። «አንቺ ሴት፣ ልትሞቺ ነው!» ብላት «እንቁላሎቹ ከሚሞቱ» ብላኝ ሄደች። በገንኩ። ከዚያ እኔም እንስራዬን ይዤ ተከተልኳት፤ ምን ላድርግ!

ቀትር ላይ ጉድጓዷ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ዓሦች ተርመሰመሱ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ሆሪፖዶ ግን የራሱ ጉድጓድ ዳር ቁጢጥ ብሏል፤ እንቁላሉ ግማሹ ነጥቶ ሞቷል። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው።

ሚናቲ ከሱ የምትከለልበትን የሳሪዋን ጫፍ ከፊቷ ገለጠች።

«ሆሪፖዶ!»

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

«ግማሹ ገና አልሞተም። እንስራ አንሳና ተከተለኝ!»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እንስራውን አነሳ። መንገድ ላይ ከኋላዋ ሆኖ «የጉድጓዱን ነገር...» ብሎ ጀመረ።

ዞር እንኳን አላለችም። «ጉድጓዱ የኔ ነው። አሁን ፍጠን፣ የአንተዎቹ እየሞቱ ነው።»