ከድር ጩቤውን በባዶ እጁ የያዘባት እሁድ

ልጁ «አባቴ አረፈ» ብላ የላከችልኝን መልእክት አንብቤ አላመንኩም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ከድር? የጅማ ጊንጆ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ? በቀደም እኮ ደውሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ገና አልሞትሽም እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ ነበር።

እናንተ የሰፈሩ ልጆች አባባ ከድር ብላችሁ ነው የምታውቁት። ቀኝ እጁ የማይዘረጋለት፣ በግራው ጨርቅ የሚቆርጠው ሽማግሌ። እጅህን ምን ነካህ ስትሉት «ድመት ቧጨረችኝ» ይላችሁ ነበር። ውሸቱን ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ጅማ ሲኒማ ቤት ትኬት እሸጣለሁ። ከድር በአዘቦት ቀን ልብስ ይሰፋል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከሸራው ጎን ቆሞ ፊልሙን ለሕዝቡ ይተረጉማል፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። ጣሊያንኛውን የለቀመው ስፌት ካስተማረው ጣሊያናዊ ነው። ያልገባውን ከራሱ ይሞላበታል፤ እሱ የሞላው ደግሞ ይበልጥ ያምር ነበር።

የዚያን እሁድ የመጣው ፊልም የጥንት ግሪኮች የጦርነት ተረት ነው። አንዲት ከተማ ለዓመታት ተከባ ሰው የሚተላለቅባት። የቡና ለቀማ ያለቀበት ሰሞን ስለነበር ከገጠሩ፣ ከሸቤም ከደዶም ሰው በጭነት መኪና መጥቶ አዳራሹ ጢም ብሏል።

ጦር ደረት በበሳ ቁጥር ሕዝቡ «አጄሲ! ግደለው!» እያለ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። አንድ ሽማግሌ ከፊት ተነስተው «ጋሻህን ከፍ አርግ፣ አንተ ደደብ!» ብለው ሸራው ላይ ይጮኻሉ።

ከዚያ ያ ነገር መጣ። ወዳጁ የተገደለበት ጀግና ገዳዩን አንገቱ ላይ በጦር ወጋው። አልበቃውም። የሟቹን እግር በጠፍር አስሮ፣ ከሰረገላው ኋላ እየጎተተ በከተማይቱ ቅጥር ዙሪያ ጋለበ። አባትና እናቱ ከቅጥሩ ላይ ሆነው ያያሉ።

አዳራሹ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ግማሹ «ሬሳ ይጎተታል እንዴ! አስተግፊሩላህ!» «ኧረ በማርያም ቅበሩት!» ይላል። አንዱ ጫማውን ወረወረ። ሌላው ድንጋይ። ሸራው ተተረተረ። ቡጢ ተጀመረ፣ አግዳሚ ተነስቶ ሰው አናት ላይ አረፈ። የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ጥርስ ከነደሙ እግሬ ስር ወደቀ።

በዚህ መሃል ጀማልን አየሁት። የደዶ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙን በቡና መሬት ጠብ ገድለውበታል። የገዳዩ ወንድም ናስር ደግሞ ከፊት ተቀምጧል፣ ጀማል እዚያ መኖሩንም አያውቅም።

ጀማል ጩቤውን መዘዘ። በሰው ትከሻ ላይ እየተረማመደ «የወንድሜ ደም!» እያለ መጣና ናስርን ጎኑ ላይ ወጋው። ሊደግመው እጁን ሲያነሳ ከድር ከሸራው ጎን ዘሎ ስለቱን በባዶ እጁ ጨበጠው።

ጀማል ሳበ። ከድር አልለቀቀም። ስለቱ መዳፉን እስከ አጥንቱ ሲከፍለው አየሁ። ደሙ ሸራው ላይ ተረጨ።

«ልቀቀኝ ከድር! አንተን አልነካም!» ይላል ጀማል።

«ነክተኸኛል እኮ!» አለው ከድር። «በቃህ!»

ሰዎች ጀማልን ወለሉ ላይ ደፍተው ጀርባው ላይ ተቀመጡበት። ናስርን ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ። እኔ ነጠላዬን ቀድጄ የከድርን እጅ አሰርኩ። ፊልም አጫዋቹ ደንግጦ ሸሽቶ ኖሮ ማሽኑን ያጠፋው የለም። ፊልሙ በተቀደደው ሸራ ላይ ይሄዳል።

የዚያ የተጎተተው ሟች አባት መጣ። ሽማግሌ ንጉሥ ነው። ብቻውን ጠላቱ ድንኳን ገብቶ ተንበረከከና ልጁን የገደለውን እጅ ሳመ።

«ከድር፣ ምን እያለ ነው?» አለ ከቀረነው አንዱ።

ከድር ግድግዳ ተደግፏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይሄንንማ ታውቁታላችሁ» አለ። አልተረጎመውም።

ጀማል ጉንጩ ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ ያያል። አለቀሰ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላለቀሰም። «ለኔ ወንድም ማን ተንበረከከ?» ብቻ አለ። ፖሊሶች መጥተው በዱላ እየቀጠቀጡ ወሰዱት።

ያቺ ቃል ከድርን አላስተኛችውም። ናስር ተረፈ፤ የከድር ሁለት ጣቶች ግን እንደ ደረቁ ቀሩ። ቁስሉ ሳይሽር ደዶ ወጣና የናስርንና የገዳዩን አባት «ልጅዎን ለማዳን ጣቶቼን ሰጥቻለሁ። እርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን ይስጡ» አላቸው። ሽማግሌው በከዘራ አባረሩት። ተመልሶ ሄደ። አሁንም አባረሩት። አሁንም ሄደ፤ በመጨረሻ እሺ አሉት።

ጀማል ከእስር ሲወጣ ጉማው፣ የደም እርቁ፣ ተፈጸመ። ለደም ካሳ ከብት ተነዳ። የናስር አባት በሽማግሌዎች ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ። ጀማል ቁልቁል እያያቸው ቆመ። በጣም ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳቸው።

ቀጥሎ ወደ ከድር መጥቶ ያቺን የተቆራረጠች እጅ ይዞ ሊስማት ሲል፣ ከድር «ዺሲ! ተወው፣ ያመኛል!» ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ሰው እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ።

ከድሬ፣ ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ትቀበራለህ አሉኝ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ በዚህ ጉልበቴ አልደርስልህም። ጀናዛህን ከፊት የናስር ልጆች፣ ከኋላ የጀማል ልጆች ይሸከሙታል ብላ ልጅህ ነገረችኝ።

ሂድ እንግዲህ ወንድሜ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኔም በኔ በኩል ለእመቤቴ ለማርያም እነግርልሃለሁ፤ አንተም እንደማትቆጣኝ አውቃለሁ።