ድንኳኑ ያልመጣበት ለቅሶ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሰዎች ስለ ዘረኝነት ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኔ ያንን ክርክር የሰማሁት መሀላቸው ተቀምጬ ነው፤ ጉዳዩም የራሴ ነበር።

ጋምቤላ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ወደ እሪ በከንቱ መውረጃው ላይ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እናቴ ታማ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሐኪሞቹ ብዙም ተስፋ አልሰጡኝም። እድር እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በዚህ ከተማ እድር የሌለው ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ወንበር የሚያወጣለት የለም።

ጎረቤቴ እትዬ ሰዓዳ «እኔ ዋስ እሆንሃለሁ» ብለው ወደ ሰፈሩ እድር ወርሃዊ ስብሰባ ወሰዱኝ። ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ አባል ወደ ከተማው ዳር ስለተበተነ አዲስ ሰው ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። አንድ አባል ተነስተው «ልጁን እንወደዋለን። ግን የእነሱን የለቅሶ ወግ አናውቀውም፤ ትንሽ ይቆይ» አሉ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ስብሰባ ከእኔ በፊት የተመዘገበውን ሰውዬ ግን ስለ ለቅሶ ወጉ የጠየቀው አልነበረም።

እትዬ ሰዓዳ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ይቺ ዘረኝነት ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ እኔ ተረሳሁ። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ መኮንን «ዘረኝነት በልብ ያለ ጥላቻ ነው። እዚህ ይህን ልጅ የሚጠላ አለ?» አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ደግሞ «ዘረኝነት ሥልጣን ይፈልጋል። ማኅተምና ወታደር ያለው መንግሥት ነው ዘረኛ የሚሆነው። እኛ ድንኳንና ብረት ድስት ይዘን ማንን እንጨቁናለን?» አሉ። ሰው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፤ ጋሽ ታደሰ ሲያወሩ ያስቃሉ።

«ድንኳኑስ ቢሆን በማን እጅ ነው?» አሉ እትዬ ሰዓዳ። ሰዓቱ ስለሄደ ጉዳዬ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

እናቴ የሚቀጥለውን ወር አልጠበቀችም።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። በስብሰባው የተቃወሙኝ ሰውዬ ከቤታቸው አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ። ጋሽ ታደሰ አቅፈውኝ አለቀሱ። ማንም አልጠላኝም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ድንኳኑ ግን አልመጣም። ላልተመዘገበ ሰው አይወጣም፤ ደንቡ ነው። በራፌ ላይ የወጠርናት ሸራ የከሰዓቱን ዝናብ አልቻለችም፤ ሽማግሌዎቹ እስከ እግራቸው በሰበሱ። ንድድ አልሁ። በማን እንደምናደድ ሳጣ ደግሞ ይብስ ከፋኝ።

ጋሽ መኮንን ኮታቸውን እያራገፉ አጠገቤ ተቀመጡ። «የሚጠላህ ሰው ፈልጌ አጣሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለእናትህ ግን ድንኳን አልተተከለላትም።»

በተከታዩ ስብሰባ ያለ ክርክር ተመዘገብሁ። መጀመሪያ እጅ ያወጡልኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ቂም አልያዝሁም፤ ደስታዬ ግን ጎዶሎ ነበር።

አሁን ከእድሩ ድንኳን ተካዮች አንዱ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ሸክላ ሠሪ ልትመዘገብ መጣች። ልክ እንደ እኔ ጊዜ «የእነሱን ወግ አናውቀውም» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ይሄ ዘረኝነት ነው፣ አይደለም የሚለውም ወዲያው ተጀመረ። ሴትየዋ እንደ እኔው ተረስታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አንጀቴን በላችው።

ተነሳሁና «ትርጉሙን በኋላ እንከራከርበታለን፤ መጀመሪያ ትመዝገብ» አልሁ።

እጆች ወጡ፤ ተመዘገበች። ከዚያ በኋላ ስለ ትርጉሙ እስኪመሽ ተከራከርን። እሷም አብራን ተከራከረች።