ሱሌማን የቆመባቸው ቦታዎች

ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. አመሻሹ ላይ አትጠገብ በምትሠራበት የአትክልት አመላላሽ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ሣጥን መጨመር ጀምራ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ተወችው። ሾፌሩ ሱሌማን ከሥራ ታግዶ ቤቱ የተቀመጠው በዚያ ሣጥን አለመኖር ነበር። ሲነጋ መርዶው ቀደማት፤ ሱሌማን በእንቅልፉ አርፏል።

ሱሌማን ከኮምቦልቻ ወዲያ የምትገኘው የደጋን ከተማ ሰው ነው። ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ጎመንና ካሮት እየጫነ ለኮምቦልቻና ለደሴ ፒያሳ ሆቴሎች ያደርስ ነበር። የድርጅቱን መዝገብ የነደፈችው አትጠገብ ነች፤ ዩኒቨርሲቲም የተማረችው ይህንኑ ነው። ሾፌር ሁሉ ስልኩ ላይ «ጫንኩ»፣ «ተነሣሁ»፣ «ቆምኩ»፣ «አስረከብኩ» ከሚሉት አንዱን ይነካል፤ ማን፣ ምን፣ ለማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ድረ ገጹ ራሱ በየረድፉ ያሰፍረዋል።

ወሎ ደግሞ ሬሳ አይቀደምም። ሱሌማን ቀብር ሲያጋጥመው፣ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን፣ መኪናውን ዳር ያስይዝና ወርዶ ቃሬዛውን ጥቂት ይሸከማል። ከመውረዱ በፊት ግን «ቆምኩ»ን ይነካል።

«ልጄ፣ ሬሳ ሸኘሁ የሚል የለውም እንዴ?» አላት አንድ ቀን።

«የለውም ጋሼ። ሰው እንዳሻው ከጻፈበት አይቆጠርም።»

«እንግዲያ ይኸ ስልክሽ ቀባሪ የለውማ» ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን ቆጠረች። በወሩ ሪፖርት ያለ ምክንያት በመቆም የሱሌማንን ስም ከሁሉ በላይ አስቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ አይቶ አገደው። «ቀባሪዎቹን ጠይቁ» ቢል፣ መዝገቡ ላይ ያልታየ አልሰማም አለው። አትጠገብ ሣጥኑን እጨምራለሁ ብላ ቃል የገባችለት ያን ጊዜ ነው።

ለለቅሶ ደጋን ወርዳ ከሴቶቹ ጋር መንገድ ዳር ቆመች። ቃሬዛው ሲወጣ መንገደኛው መኪና ሁሉ ቆመ፤ ሾፌሮቹም እየወረዱ ተሸከሙ። የድርጅቱ ሌላ ሾፌር ዳምጤ ትከሻውን እያሸ ሲመለስ፣

«እናንተም ትቆማላችሁ?» አለችው።

«የማይቆም ማን አለ?»

«መዝገቡ ላይ የላችሁም።»

«‹ቆምኩ›ን አንነካውማ፣ እቴ። ሞኙ እሱ ብቻ ነበር።»

አትጠገብ አንገቷን ደፋች። ከሾፌሮቹ ሁሉ ያልዋሻትን አንዱን ነበር ያስቀጣችው።

ቢሮ ተመልሳ ሣጥኑን ጨረሰች። አንዴ የገባ ረድፍ አይፋቅም፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ስለዚህ ሱሌማን በቆመበት ሰፈር ሁሉ እየዞረች ማን እንደተቀበረ ጠየቀችና ከየ«ቆምኩ»ው ሥር አዲስ ረድፍ ጨመረች። ሥራ አስኪያጁ ሳይከራከር ፈረመ፤ «እገዳው ተነሥቷል» የሚለውም ከስሙ ጎን ገባ። የምሥራቹን የምትነግረው ሰው ግን የለም።

ከእገዳው በፊት ያለው የመጨረሻ ረድፍ ተራ ነው፦ ሱሌማን፣ ፒያሳ፣ ካሮቱን ለሆቴሉ ወጥ ቤት አስረከበ።