የእሱ ቀኖና

ባሌና እኔ የተጋባነው በቁርባን ነው። ቤታችን ደሴ ነው፤ እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ አብዛኛውን ቀን የሚያድረው እዚያ በተከራየው ክፍል ነበር። እሑድ እሑድ ግን አብረን እንቆርባለን።

አንድ እሑድ "አንቺ ቁረቢ፣ እኔ ሳላስበው ውሃ ጠጥቻለሁ" አለኝ። አመንኩት። በሚቀጥለውም እሑድ ውሃ ጠጣ። እንዲህ ያለ ጥም አይቼ አላውቅም! ቀጥሎ ፆም በሌለበት ወር ይጾም፣ ጓዳ ገብቶ ይሰግድ ጀመር። ጉልበቱ ተላልጦ ሳይ ቀኖና እንደተሰጠው ገባኝ። በምን ምክንያት እንደሆነ ስጠይቀው ግድግዳውን እያየ ነገረኝ። ኮምቦልቻ ሴት ነበረችው። ለእናቴ እንዳልነግርበት እግሬ ላይ ወደቀ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

የንስሐ አባታችን አንድ ናቸው። ቤቴን ጠበል ሲረጩ፣ ምሳዬን ሲበሉ፣ ሁሉን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ንዴቴን ይዤ ሄድኩባቸው።

"አባቴ፣ ያውቁ ነበር?"

"የንስሐ ነገር መቃብር ነው፣ ልጄ።"

"እሺ፣ መጽሐፉስ ምን ይላል?"

ጌታ ከዝሙት በቀር ትዳር የሚፈታበት ምክንያት እንዳልተወ ነገሩኝ። "ያንቺ ምክንያት ይኸው አለ። ብትፈቺው አልፈርድብሽም። ግን ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። ከቆየሽ ይቅርታሽ ከልብ ይሁን። ቂም ይዘሽ እንዳትቆርቢ።"

ለልጆቼ ስል ቆየሁ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፣ በአፌ። ልቤ ግን እምቢ አለ። ሸሚዙን ሳጥብ እንኳ የዚያችን ሴት ሽታ እፈልጋለሁ። ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ነው ይላል መጽሐፉ፤ እንዲያ ከሆነ እኔ ስገድለው ነው የምውለው።

እሱ ቀኖናውን ጨረሰ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ልጆቻችንን አስከትሎ ሊቆርብ ሲቀርብ ፊቱ እንደ ሠርጋችን ቀን አብርቶ ነበር። እኔ ከኋላ፣ በሴቶች በር አጠገብ ቀረሁ። ባሏ ሲቆርብ የቀረች ሴት ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አቀረቀሩ።

ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

"ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው? እንዲህ ያለ ባል ይዘሽ!"

ባሌ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ከወዲያ ያየናል።

"ውሃ ጠጥቼ ነው" አልኳት።