የአቃቂር ቀይ ክር

ፋብሪካ ሳለች «አቃቂር» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። ሥራዋ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ ገልብጦ ከውስጥ በኩል ማየት፣ ስፌት የዘለለበትን ወይም ክር የላላበትን ቦታ ፈልጎ ቀይ ክር ማሰርና ወደ ሰፊዋ መመለስ ነበር። ቀይ ክር ታስሮበት ሸሚዝ የተመለሰባት ሰፊ ፊቷን አጥቁራ ትውላለች፤ አቃቂር ግን ምንም አይመስላትም። እናቷ በሕይወት ሳለች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነበር ያሳደገቻት። ልጅቷ ምክሩን ተቀብላ መተዳደሪያ አደረገችው።

ፋብሪካው እንደሚዘጋም ከእሷ በቀር የጠረጠረ አልነበረም። መጋዘኑ ውስጥ የክር ካርቶን እየሳሳ ሲሄድ አይታ «ይሄ ቤት ሊዘጋ ነው» ብትላቸው፣ «አንቺ ደግሞ ጨረቃም ላይ ቀዳዳ ታገኛለሽ» ብለው ሳቁባት። በሩ በሰንሰለት የታሰረ ዕለት የሚስቅ ጠፋ። ልክ መሆኗ ግን ለእሷም ምንም አልፈየደላትም፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለችው ታላቅ እህቷ ቤት ነው። እትዬ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። አቃቂርን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ደግ አይሆንም። እትዬ ምግብ ጨምራ ስታወጣላት «ይሄ የስንብት ይሆን?» ትላለች በሆዷ። ባልና ሚስት ጓዳ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ ጆሮዋ ይቆማል። አንዴ በር ላይ ተለጥፋ ብታዳምጥ፣ የሚያወሩት ስለሚያፈስ ጣሪያ ነበር። «ጣሪያ ማለት እኔ እሆን እንዴ?» እያለች ስትገላበጥ አደረች።

ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ላለመገኘት ለራሷ ማለች። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፤ ሥራ እንዳለው ሰው ፀጉሯን አስራ፣ ጫማዋን ወልውላ ትወጣለች። የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን አንብባ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቷን በየፋብሪካው ጥበቃ ቤት ትታ ትመለሳለች። ጥበቃዎቹ «እንደውልልሻለን» ይሏታል፤ ወረቀቱን አጥፈው የት እንደሚያስቀምጡት ግን ሰርቃ ታያለች። አንዱ ሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥበት ደርሳለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጋሼ ዘንድ ትሄዳለች። ጋሼ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ጠባብ ሱቅ ያላቸው፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ዓይኔ እንዳይዶለዱም ነው፤ የሰፉትን ልይልዎት» ብላ ገባች፤ እሳቸውም «እንግዲህ ጉድጓዴን በእጄ ቆፈርኩ» ብለው በርጩማ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ በርጩማው የእሷ ሆነ።

«ጋሼ፣ የዚች ኪስ ጫፍ አልተቆለፈም።»

«ልጄ፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባው ጠመኔ ነው። ወርቅ አይደለም።»

«ጠመኔም ይወድቃል።»

ጋሼ እያጉረመረሙ መልሰው ይሰፉታል። የስፌት ሥራ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጫፉን ወደኋላ መልሶ ደርቦ መቆለፍ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ታዲያ ዕድሜ ልካቸውን የሰፉ ሰው እንዴት ይረሱታል? ደግሞስ ሁልጊዜ ኪስ ላይ ብቻ? አቃቂር ይህን ማሰብ ከጀመረች ሰነባብታለች። እንድታገኘው ብለው አውቀው የሚተዉላት ይመስላታል፤ ለሕፃን ልጅ ዕቃ ደብቆ «ፈልጊ» እንደማለት። ይህን ስታስብ ጆሮ ግንዷ ይግላል። ማታ ማታ «ዛሬም እጄ ሥራ አልፈታም» እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ወዲያው ግን ያንኑ መጽናኛዋን ትጠረጥረዋለች።

አንድ ቀን እዚያው በርጩማዋ ላይ ሳለች ስልኳ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው። ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ካለው የልብስ ፋብሪካ መሆኗን፣ የስፌት ፈታሽ እንደሚፈልጉ፣ ነገ ጠዋት ለፈተና እንድትመጣ ነገረቻት።

«እናንተ ጋ ወረቀት አላስገባሁም» አለች አቃቂር።

«አዎ፣ አላስገባሽም።»

«ስልኬን ማን ሰጣችሁ?»

«ከሰው ነው። ነገ እንዳትቀሪ» ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ቀና አላሉም። የሌላ ጊዜ ቢሆን «ማነው? ምን አለሽ?» ብለው ሦስቴ ይጠይቁ ነበር። ዛሬ የስፌት መኪናቸውን ብቻ ይረግጣሉ። አቃቂር ይህንንም በልቧ ያዘች።

ማታ ራት ላይ «ነገ ለፈተና ተጠርቻለሁ» አለች።

«እሰይ» አለች እትዬ፤ ቶሎ አለችው፤ ከሚገባው በላይ ቶሎ።

«አውቀሽ ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«ማን ነው የለመነልኝ?»

የእህቷ ባል ጉርሻውን ዋጠና «እኔን ከሆነ የምታይው፣ እኔ የማውቀው አውቶቡስ መንዳት ነው» አላት። «ደሞ ሰው ለሥራ ተጠርቶ እንዲህ ይሆናል? ፖሊስ ጣቢያ የተጠራሽ አስመሰልሽው እኮ።»

«አዝነውልኝ ከሆነ አልሄድም።»

እትዬ ሳህኑን እያነሳች «አንቺ ሳትገለብጪ የምትፈርጂው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። «ሂጂና ገልብጠሽ እዪው።»

ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አራት ተፈታኞች ሆነው ተቀመጡ። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፍራም ተቆጣጣሪ ለእያንዳንዳቸው አንድ እስር ሸሚዝና አንድ ጥቅል ቀይ ክር አስቀመጠችላቸው። «እንከን ያለበት ላይ እሰሩ። ስታበቁ እጅ አውጡ» ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።

አቃቂር የመጀመሪያውን ገለበጠች። ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ኮሌታውን፣ የእጅጌውን መጋጠሚያ፣ የቁልፍ ቀዳዳውን አንድ በአንድ አየች። እስሩ አለቀ፤ ቀዩ ክር ግን እንደተጠቀለለ ነው። ዓይኗን ሰረቅ አድርጋ ስታይ ከጎኗ ያለችው ጥፍሯን ቀለም የተቀባች ልጅ ቀይ ክሩን ለሠርግ ቤት እንደሚያስጌጥ ሰው ታስረዋለች። ማዶ ያሉትም አስረዋል።

ወይ ዓይኗ ዶልዱሟል፣ ወይ ነገር አለ። እንከን የሌለበት እስር በዘመኗ አይታ አታውቅም። ደግሞስ ምንም ያላገኘ ፈታሽ ማን ይቀጥራል? ከላይ ጀመረች፤ አሁን በዓይኗ ብቻ አላመነችም። ፈታሾች ስፌት ሲጠረጥሩ በሁለት አውራ ጣት ይዘው ለቀቅ አድርገው ይጎትቱታል። እሷም አንዱን ሸሚዝ ብብቱ ላይ ያዘችና ጎተተች። ጠንካራ ነው። ጥንካሬው ራሱ አስጠረጠራት። ጨምራ ጎተተች። አሁንም ጨመረች።

ስፌቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ስፌቱ ጣት በሚያስገባ መጠን ተከፍቷል። ቀና ስትል ተቆጣጣሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮት ታያለች፤ ጎረቤቷም በራሷ ጌጥ ተጠምዳለች። ያየ የለም። ቀይ ክሩን ብታስርበት «አገኘሁ» ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሊክደው የማይችል እንከን። ክሩን አሰረችበትና እጇን አወጣች።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አድርጋ የሦስቱን አየችና እሷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ሌላው ደህና ነው።» የተከፈተውን ስፌት በጣቷ አሳየች። «እሱም ደህና ነበር። ጎትቼ የበጠስኩት እኔ ነኝ።»

ጥፍረ ቀለሟ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«ለምን ጎተትሽው?»

«አላመንኩትም።»

«እሺ፣ ራስሽ የበጠስሽው ላይ ቀይ ክር ምን ያደርጋል?»

«እንከን ነዋ። ማንም ያምጣው ማን፣ ሳይታሰርበት አይወጣም።»

ተቆጣጣሪዋ ሌሎቹን አመስግና አሰናበተች። ከዚያ የተበጠሰውን ሸሚዝ አንስታ «እስሮቹን ሁሉ ትናንት እኔ ራሴ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለች። «እንከን የላቸውም። ሥራ ፈላጊ ምንም ካላገኘ የማይቀጠር ይመስለውና ይፈጥራል። ደህና ሸሚዝ የሚመልስ ፈታሽ ሰፊዎቼን አስለቅሶብኛል። አንቺ ደግሞ ጣትሽን አደብ አስገዢው። ሰኞ ለሙከራ ነይ። ይሄን ግን አሁን ሰፍተሽው ትሄጃለሽ።»

አቃቂር መርፌውን እየተቀበለች «ስልኬን የሰጣችሁ ማን ነው?» አለች።

«ክር ሊገዙ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ‹አንዲት ልጅ ሱቄ ተቀምጣ አላሠራ አለችኝ፤ ውሰዱልኝና ልረፍ› አሉን።»

መንገዱን ሙሉ ይህን ስታገላብጥ ሄደች። እውነት አስመርራቸው ነው ወይስ አዝነውላት? ሱቁ ስትደርስ ጋሼ መኪናቸው ላይ እንደተጎነበሱ ናቸው።

«ሊገላገሉኝ ነው አሉ።»

«ወሰዱሽ?»

«ሰኞ እገባለሁ። እውነት አስቸግሬዎት ነው የነገሯቸው?»

«አዎ ብልሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም።»

«አይ ብልሽስ?»

በርጩማዋን ሳበችና ከተከመረው ዩኒፎርም አንዱን ገለበጠች። ደህና ነው። ቀጣዩን ገለበጠች፤ የኪሱ ጫፍ አልተቆለፈም። ሽማግሌውን አየቻቸው። ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው፤ ዕድሜ ይሁን ተንኮል ፊታቸው አይናገርም። ከቦርሳዋ ቀይ ክር አውጥታ አሰረችበት።

«ጋሼ፣ የዚች ኪስ…»

«አውቃለሁ» አሉ።

ያወቁት አሁን ይሁን ሲሰፉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቅ ተወችው። ቀጣዩን ዩኒፎርም ሳበች።