አፍ ለእኔ፣ እጅ ለእሷ

የልጅ ልጄ የነርስ ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለች የልምምድ ደብተሯን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ጓደኛዋ ለማጥናት ቤታችን መጥታ የሁለቱም ደብተር ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ከሌለበት ለመለየት ግን ይህ ይበቃል። የጓደኛዋ ደብተር ከላይ እስከ ታች ተፈርሞበታል። የእኛዋ ግማሹ ባዶ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«በእጃችን የሠራነው ነው እምዬ። መርፌ ስንወጋ፣ ቁስል ስናጥብ፣ ግሉኮስ ስንሰካ የክፍሉ ኃላፊ አይቶ ይፈርምልናል።»

«ታዲያ አንቺ እጅ የለሽም?»

ጓደኛዋ ሳቀች። «እሷማ አስተርጓሚያችን ናት! በሽተኛው ሶማልኛ ባወራ ቁጥር ‹ነይ› ትባላለች። እኛ ክንድ ስንይዝ እሷ ራስጌ ቆማ ታወራለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት በተማሪነት ልምምድ የምትወጣበት ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል ተቀጥራ የምትሠራበት ያው ሆስፒታል ነው። ለትምህርቷ የምትከፍለውም ከዚያ ሥራ ነው። ከሌላ ክልል የመጡት ነርሶች ሶማልኛ አያውቁም፤ እሷ ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች ናትና ከአማርኛው እኩል ትናገረዋለች። ከተማሪዎቹም ሶማልኛ የሚችሉ ነበሩ። እነሱን ለማዘዝ ነርሶቹ ያፍራሉ፤ እሷን ግን ደመወዝ የምንከፍላት የራሳችን ሰው ናት ይላሉ። ደመወዙ የከሰዓቱ ነው እንጂ ጠዋቱ የራሷ ነበር። ይህን ደፍሮ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ደብተሩ በአሥር ቀን ውስጥ ካልሞላ የመጨረሻውን ፈተና አትቀመጥም፤ ዓመቱን ትደግማለች። ለመድገም ደግሞ አቅሙ አልነበረንም።

«ነገ እመጣለሁ» አልኳት።

«በፈጣሪ እምዬ፣ እንዳትመጪ! ከሥራ ያስወጡኛል።»

«አይዞሽ፣ አልጮህም።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ትያለሽ።»

በማግስቱ በጠዋት በባጃጅ ሄድኩ። ኃላፊው ትዕቢተኛ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ግን ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚሮጥ ቀጭን ወጣት ነው። ያም ሆኖ አልተውኩትም።

«ልጄ፣ የከሰዓት ሠራተኛችሁን ጠዋት በነፃ ታሠራላችሁ?»

«እውነትዎን ነው እማማ» አለኝ። «ግን በሽተኛዋ ምኗን እንዳመማት ካልገባኝ ምን ልስጣት? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀሁም። ወዲያው ከአውበሬ በኩል የመጣች አሮጊት መናገር ስትጀምር ዞር ብሎ የልጅ ልጄን «ነይ እስቲ!» አላት። እሷ የስኳር መለኪያውን ይዛ ወደ ሌላ አልጋ እየሄደች ነበር። አስቀመጠችው። ይህን በዓይኔ ሳይ ደሜ ፈላ።

«አንሺው!» አልኳት። «ወሬውን እኔ አወራለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ባሌ ወታደር ሆኖ ነው እዚህ አገር ያመጣኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ጅጅጋ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጥኩ ነው ልጆች ያሳደግኩት። በሶማልኛ ተከራክሬያለሁ፣ ተሰድቤያለሁ፣ መልሼም ተሳድቤያለሁ። ኃላፊው ትንሽ አመነታና ወንበር ሳበልኝ።

አሮጊቷ ረጅም ወሬ አወራች። ስትጨርስ «ራሷን ያዞራታል» አልኩት።

«ይህን ሁሉ አውርታ ራሷን ያዞራታል ብቻ?»

«የቀረው የምራቷ ሐሜት ነው።»

«ሐሜቱንም ይንገሩኝ።»

ሳልወድ ነገርኩት። አሮጊቷ የስኳር ኪኒኗን ጎህ ሲቀድ ትውጣለች፤ ምራቷ ቁርስ የምታቀርብላት ግን ረፋዱ ላይ ነው። እስከዚያ ላብ ያጠምቃታል፣ ያንቀጠቅጣታል። «ይኸው እኮ ነው ዋናው!» ብሎ ብድግ አለና የልጅ ልጄን የአሮጊቷን ስኳር በጣት ደም እንድትለካ አዘዛት። ለካች፤ ፈረመላት። እኔ ግን አፈርኩ። ስለ ፍትሕ ልሟገት ሄጄ የሰው ቃል ግማሹን አስቀርቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ሁሉ፣ እርግማኑንም ጭምር፣ አንድም ሳላጎድል አደርስ ጀመር።

በየጠዋቱ ተመላለስኩ። በሽተኞቹ «ኤዶ» ይሉኛል፤ አክስት ማለታቸው ነው። ጓደኛዋ «እማማ፣ ነጭ ጋዎን እናልብስዎት?» ስትለኝ «ደመወዙን ስጡኝ፣ ጋዎኑ ይቅርባችሁ» እላታለሁ። ደብተሩም መስመር በመስመር ሞላ።

የመጨረሻው ቀን አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ፤ ግሉኮስ መሰካት። የተኛችው ከጉናጋዶ የመጣች ፍየል ነጋዴ ናት። የልጅ ልጄን ገና እንዳየቻት በሶማልኛ «ይቺ የካርድ ክፍሏ ልጅ አይደለችም እንዴ? ካርድ ጸሐፊ ልትወጋኝ? ትልቅ ሰው ጥሩልኝ!» አለች።

ኃላፊው አልገባውምና ወደ እኔ ዞረ። የገባት የልጅ ልጄም አየችኝ። «እሺ ብላለች» ብዬ ብነግረው የሚጠረጥረኝ አልነበረም። ቢሆንም የሴትዮዋን ቃል እንዳለ ነገርኩት።

«እንግዲህ መብቷ ነው» ብሎ ዕቃውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

ልጅቷ ግን ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በሶማልኛ «እናቴ፣ ካርድሽን ስጽፍ ስምሽን ተሳስቻለሁ?» አለቻት።

«አልተሳሳትሽም።»

«ይህንንም እንዲያው ተጠንቅቄ ነው የምሠራው። አንዴ ልሞክር፤ ከሳትኩ እሱ ይሠራልሻል።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። «ያንቺ ናት?»

«የእኔ ናት።»

«ያስታውቃል። ስትናገሪ ፊትሽ እሬት የቀመሰ ይመስል ነበር።» ከዚያ ክንዷን ዘረጋች። «በይ አንዴ! ፍየል ስሸጥም ሁለቴ አላስመርጥም።»

የልጅ ልጄ ክንዷን አሰረች፤ ደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ዞር ስል ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ኃላፊው ደግሞ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይፈርማል።

እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ በሽተኞቹ ትዝ ሲሉኝ መልሼ ገጠምኩት። ኃላፊውም ከማግስቱ ጀምሮ ከዘበኛ እስከ ፋርማሲ ሶማልኛ የሚችል ሠራተኛ ሁሉ በተራ እንዲያስተረጉም ወሰነ። ልጅቷ ወደ ካርድ ክፍሏ እየሮጠች «እምዬ፣ ነገ ግን እረፊ!» አለችኝ።

እኔ ነገን አልጠበቅኩም። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ጎረቤቴ «ምን ሆና ነው?» ብላ በሩን እስክትደበድብ ድረስ አልነቃሁም።